መቅደላ የተባለው የእንግሊዝ ማዕረግ፦ ከ1868 ጀምሮ እነማን ያዙት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ለንደን የሚኖሩ አንባቢ ኬንሲንግተን አካባቢ ኩዊንስ ጌት በሚባለው መንገድ ጫፍ ላይ በፈረስ የተቀመጠ ሰው ሐውልት ያያሉ። የማን እንደሆነ ሲያጣሩ «የመቅደላው ሎርድ ናፒየር» ሆኖ አገኙት። ከዚያ አራት ነገር ጠየቁ። ይህ ማዕረግ ዛሬም አለ ወይ? ካለስ ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ባለማዕረጎቹ በመቅደላ ላይ አንዳች መብት አላቸው? ሊሰረዝስ አይችልም?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ማዕረጉ አልጠፋም። ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ ስድስት ሰዎች በተራ ይዘውታል፤ ስድስተኛው የወረሱት በ1987 ነው። በመቅደላ ላይ ግን የአንዲት ስንዝር መሬት መብት አይሰጥም፤ ሰጥቶም አያውቅም። መሰረዝን በተመለከተ፣ በፓርላማ ሕግ ካልሆነ በቀር የሚቻል አይደለም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።)

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ብዙ ጊዜ «ሎርድ ናፒየር መቅደላን ወጋ» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መቅደላ ላይ የዘመተው ሌተና ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ነው። ያኔ ሎርድ አልነበረም። ሎርድ ያደረገችው መቅደላ ናት።

ሰውየው የተወለደው በታኅሣሥ 1810 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ውስጥ፣ ኮሎምቦ ነው። አባቱም ወታደር ነበር፤ ጃቫ ደሴት ላይ ኮርኔሊስ የሚባል ምሽግ ሲያዝ በተደረገው ውጊያ ቆስሎ በዚያው ጦስ ሞተ። ልጁም ለዚያ ምሽግ መታሰቢያ ሮበርት ኮርኔሊስ ተባለ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ቆም ብዬ ነበር። የሰውየው የመሃል ስም ከአንድ የሰው አገር ምሽግ መጣ፤ ማዕረጉ ደግሞ ከሌላ የሰው አገር ምሽግ። ኮርኔሊስና መቅደላ፣ አባትና ልጅ የወጓቸው ሁለት ምሽጎች፣ በአንድ ሰው ስም ውስጥ ተቀምጠዋል።

ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነው። በቤንጋል የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ አደገ፤ በሲክ ጦርነቶች፣ በሕንድ ዐመፅ ጊዜ ላክናው ላይ፣ በ1860 ደግሞ ቻይና ላይ ተዋጋ። ለኢትዮጵያ ዘመቻ የተመረጠው የቦምቤይ ጦር አዛዥ ሳለ ነው።

የዘመቻውን ምክንያት አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። ኮንሱሉን ካሜሮንን አሰሩ። ሊያስፈታ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም ታሰረ። ከዚያ ወደ 13,000 የሚሆን ጦር፣ አብዛኛው ሕንዳዊ፣ 44 ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወረደና እስከ ወሎ ተራሮች ዘለቀ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው ሞተ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ሁለቱ ኋላ ሞቱ። በፋሲካ ማግስት፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አምባው ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን አልሰጡም። በቀናት ውስጥ ምሽጉ ተቃጠለ፤ ጦሩም ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

ይህን የማነሳው ለማዕረጉ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ስላለው ነው። እንግሊዝ መቅደላን የያዘችው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቅኝ ግዛት አላደረገችውም፤ አስተዳዳሪም አልሾመችም፤ ጦር ሰፈርም አልተወችም። ሆኖም የአምባው ስም ሦስት ወር አለፍ ሲል በለንደን መዝገብ ገባ። ሐምሌ 17 ቀን 1868 በወጣው የሹመት ደብዳቤ ሰር ሮበርት «ባሮን ናፒየር ኦፍ መቅደላ» ሆነ፤ ባሮን የሆነ ሰው ሎርድ ተብሎ ይጠራል። የደብዳቤውን ሙሉ ቃል ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው «በአቢሲኒያ የመቅደላ፣ እንዲሁም በቼስተር አውራጃ የካሪንግተን ባሮን ናፒየር» የሚል ነው። ካሪንግተን እንግሊዝ ውስጥ ያለች መንደር ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለብን፤ የጥያቄው ቁልፍም ያለው እዚህ ነው።

አንደኛው የማዕረጉ ስም ነው። ሁለተኛው በደብዳቤው ላይ የሚጠቀስ ቦታ ነው። ማንም የእንግሊዝ ባሮን ሲሾም አንድ የቦታ ስም ይጻፍለታል። ድሮ፣ በመካከለኛው ዘመን፣ ባሮን ማለት በእርግጥ ባለመሬት ነበር። ርስቱ ማዕረጉን ያስከትል ነበር። ያ ከቀረ ግን ብዙ ዘመን ሆኗል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦታው ስም ጌጥና መታወቂያ ነው፤ አድራሻ እንደ መጻፍ ያለ ነገር። ስለዚህ «በአቢሲኒያ የመቅደላ» የሚለው የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም።

ታዲያ መቅደላ ለምን ከቦታ መጥቀሻነት አልፎ የማዕረጉ ስም አካል ሆነ? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ድሉን ማክበር ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም፦ ሎርድ ናፒየር የሚባል ሌላ ሰው አስቀድሞ ነበር። ከ1627 ጀምሮ ስኮትላንድ ውስጥ የሎርድ ናፒየር ማዕረግ አለ። የመጀመሪያው ባለማዕረግ የጆን ናፒየር ልጅ ነው፤ ተማሪ ቤት ሎጋሪዝም ያስጨነቀን ጆን ናፒየር ማለቴ ነው። ሁለት ሎርድ ናፒየር እንዳይምታታ አዲሱ «የመቅደላው» መባል ነበረበት።

መምታታቱም የምር ነበር። በ1872 የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ሜዮ ሲገደሉ ለጊዜው በቦታቸው የተተካው ፍራንሲስ ናፒየር ነው፤ አሥረኛው የስኮትላንዱ ሎርድ ናፒየር። በዚያው ጊዜ የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ማን ነበር? የመቅደላው ሎርድ ናፒየር። አንድ አገር፣ ሁለት ሎርድ ናፒየር፤ አንዱ በመንግሥቱ፣ አንዱ በጦሩ ላይ። የዚያን ዓመት ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «የመቅደላው» የሚለውን ቃል ካላየ ማንኛው እንደሆነ መለየት ይቸገራል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። የደብዳቤው የፊደል አጣጣል «ማግዳላ» ነው የሚለው እንጂ መቅደላ አይደለም። የማርያም መግደላዊትን አገር በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ልክ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ወሎ ሰምቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ማዕረጉን ሲሰማ ወሎ ሳይሆን ወንጌል ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ከማዕረጉ ጋር ገንዘብም መጣ። ፓርላማው በዓመት 2,000 ፓውንድ እንዲከፈለው ወሰነ፤ ለእሱና ከእሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ወንድ ወራሽ። ማዕረጉ ለዘር ማንዘር ሲሆን አበሉ ግን ለሁለት ሰው ዕድሜ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ጄኔራሎች ትልቅ ርስት የላቸውም። ሎርድ ሆኖ በድህነት መኖር ደግሞ ለመንግሥቱም አያምርም። ገንዘቡ የተሰጠው ለዚህ ነው።

ናፒየር ከዚያ በኋላ ብዙ ሹመት አየ። ከ1870 እስከ 1876 የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ ከዚያ እስከ 1883 የጅብራልታር ገዥ ሆነ፤ በ1883 ፊልድ ማርሻል ተባለ፤ በመጨረሻም የለንደን ግንብ ሹም። ጥር 14 ቀን 1890 ለንደን ውስጥ ሞተ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ጠያቂያችን ያዩት ሐውልት በ1891 ሲቆም ቦታው ዋተርሉ ፕሌስ ነበር። ኋላ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሐውልት ቦታ ሲፈለግ ወደ ኩዊንስ ጌት ተዛወረ።

አሁን ወደ ወራሾቹ እንምጣ። ከዚህ በፊት ግን የአወራረሱ ሕግ ይግባን። በእኛ አገር ደጃዝማች ሲሞት ልጁ ደጃዝማች አይሆንም። ንጉሡ ሲሾመው ነው የሚሆነው፤ የአባቱ ስም ቢረዳውም ማዕረጉ የሰውየው ነው። የእንግሊዙ ግን ከሰውየው ጋር አይቀበርም። አባት በሞተበት ቅጽበት ልጅ ባሮን ነው። ሹመት አያስፈልግም፤ ንጉሥም አይጠየቅም። የመቅደላው ማዕረግ «ከአካሉ ለሚወጡ ወንድ ወራሾች» ተብሎ የተሰጠ ነው። ሴት ልጅ አትወርስም። ወንድ ልጅ የሌለው ባሮን ሲሞት ማዕረጉ ወደ ወንድሙ ይሄዳል፤ ወንድም ከሌለ ወደ ወንድሙ ልጅ፤ የመጀመሪያው ባሮን ወንድ ተወላጅ እስካለ ድረስ። ያ የዘር መስመር ሲደርቅ ማዕረጉም ይጠፋል።

የመጀመሪያው ናፒየር በዚህ በኩል አልተቸገረም። ሁለት ጊዜ አግብቷል። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከአን ፒርስ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ወለደ። እሷ በ1849 ሞተች። በ1861 ሜሪ ስኮትን አግብቶ ደግሞ ስድስት ወንድና ሦስት ሴት ወለደ። ዘጠኝ ወንዶች ማለት ነው። ማዕረጉን እስካሁን ያቆየው ይህ ነው።

ሁለተኛው ባሮን የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅ ሮበርት ዊልያም ነው። በ1890 ወረሰ፤ በ1921 ሞተ። ወራሽ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ማዕረጉ ወደ ጎን ሄደ፤ ወደ ወንድሙ ወደ ጄምስ ፒርስ። የእናቱ ወገን ስም በመሃል ስሙ ላይ እንዳለ ልብ ይሏል። ሦስተኛው ባሮን እሱ ነው። በ1849 የተወለደ ስለሆነ ሲወርስ ሰባውን አልፎ ነበር። በ1935 ሞተ፤ አሁንም ማዕረጉ ወደ ጎን ሄደ። በዚህ ጊዜ የተረከበው የሁለተኛዋ ሚስት ልጅ ኤድዋርድ ኸርበርት ስኮት ናፒየር ነው፤ የ1861 ተወላጅ፣ ለሁለቱ ቀዳሚዎቹ የአባት ልጅ።

ይህን አራተኛውን ባሮን ትንሽ ልቆይበት። አባቱ ወደ መቅደላ ሲዘምት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ገደማ ነው። ማዕረጉን የወረሰው በ1935 ነው፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት። በእሱ ባሮንነት ጊዜ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ተቀመጡ፤ በእሱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱን መለሰ። እሱ የሞተው በ1948 ነው። ቁጥሩን ስንደምረው እንዲህ ይሆናል፦ ከ1868 እስከ 1948፣ ለ80 ዓመት፣ ማዕረጉ በአባትና በሦስት ልጆቹ እጅ ብቻ ነበር። መቅደላን ያቃጠለው ሰው የገዛ ልጅ የኢትዮጵያን ነፃነት መመለስ አይቶ ሞተ። ታሪክ የራቀ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ትውልዱን ስለማንቆጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ቀጥ ያለ ነው። አምስተኛው የአራተኛው ልጅ ሮበርት ጆን ነው፤ በ1904 ተወለደ፣ በ1987 ሞተ። ስድስተኛው የአምስተኛው ልጅ ሮበርት አለን ናቸው። ድሮ ማዕረጉ የሎርዶች ምክር ቤት ወንበር ያስገኝ ነበር። የ1999 ሕግ ከ92 ሰዎች በስተቀር የወራሽ ሎርዶችን ወንበር አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ብቻውን ማንንም ምክር ቤት አያስገባም። ስም ነው፤ ወግ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ምልክቶች ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ዓርማው ነው። ጋሻውን ከግራና ቀኝ ሁለት ወታደሮች ይዘውታል፤ አንዱ እንግሊዛዊ የመሐንዲስ ጦር ወታደር፣ ሌላው የሲክ ሹም። ናፒየር በወጣትነቱ ሲኮችን ወግቷል፤ አሮጌ ላይ ደግሞ የፑንጃብ ሰዎች ከእሱ ጋር ተሰልፈዋል። ከላይ አንበሳ አለ። አንበሳው አንገቱ ላይ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ የተበጠሰ ሰንሰለት በጀርባው ላይ ተጥሏል። በአንድ እጁ ቀይ መስቀል ያለበት ባንዲራ ይዟል። የቤተሰቡ መፈክር በላቲን የተጻፈ ሲሆን ትርጉሙ «ሰንሰለቱን ስበር» ነው። እስረኞቹን ማስፈታቱን ለመናገር የተመረጠ ነው፤ ያማ ግልጽ ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው። ከመቅደላ በሰንሰለት ታስሮ የወጣ ባይኖርም፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወጥቷል፤ ልዑል ዓለማየሁ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። ማዕረጉ ሲቀጥል የቴዎድሮስ ልጅ ግን ያለ ልጅ አለፈ።

የመቅደላው ብቸኛ ዓይነት እንዳይመስለን ጥቂት ዘመዶቹን ልጥቀስ። በውጭ አገር የጦር ሜዳ የተሰየመ የእንግሊዝ ማዕረግ ብዙ ነው። የካርቱሙ ኪችነር አለ፤ መስመሩ በ2011 ጠፋ። የአላሜይኑ ሞንጎመሪ አለ። የካንዳሃሩ ሮበርትስ አለ፤ ይህ ሰው ደግሞ በ1868 ዙላ ወደብ ላይ የጦሩ ዕቃና ጉዞ አስተባባሪ ሆኖ የሠራ፣ የናፒየርንም ሪፖርት ወደ ለንደን ያደረሰ መኮንን ነው። አንድያ ወንድ ልጁ በቦር ጦርነት ስለሞተ፣ ኋላ ኧርል (ከባሮን ከፍ ያለ ማዕረግ) ሲባል ይህ ማዕረግ ለሴት ልጆቹም እንዲያልፍ ተፈቀደ። እንግዲህ ሴት አትወርስም የሚለው የደብዳቤው ቃል እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዌቭል ነው። በ1941 ከረን ላይ ኢጣሊያ ስትሸነፍ የመካከለኛው ምሥራቅ የበላይ አዛዥ እሱ ነበር። በ1947 ኧርል ሲባል «ቫይካውንት ከረን» የሚል ማዕረግ አብሮ ተሰጠው። በ1950 ሞተ። ልጁ ወረሰ፤ ያም በ1953 ኬንያ ውስጥ በማው ማው ውጊያ ተገደለ። አላገባም ነበር። የከረን ማዕረግ በስድስት ዓመት ውስጥ ተወለደ፣ ሞተ። የመቅደላው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ናፒየር ዘጠኝ ወንዶች ስለወለደ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ወደ መሰረዙ ልመለስ። ንጉሡ ብቻውን አንዴ የሰጠውን ማዕረግ መልሶ መውሰድ አይችልም። የፓርላማ ሕግ ያስፈልጋል። በ1917 እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጠላት ጋር ለወገኑ ሰዎች። በ1919 የኩምበርላንድና የኦልባኒ ዱኮች፣ ቫይካውንት ታፌም ጭምር ማዕረጋቸው ተነጠቀ። ወራሹ ራሱ ደግሞ ከ1963 ወዲህ «አልፈልግም» ማለት ይችላል፤ እንደወረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ። ግን የሚተወው ለራሱ ዕድሜ ብቻ ነው። ሲሞት ወራሹ እንደገና ባሮን ይሆናል።

ጠያቂዬ ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አለኝና የራሴን አስተያየት ልናገር። ጉልበት የሚጠፋበት ነገር ከሆነ በማዕረጉ ላይ አይጥፋ። ማዕረጉ ከመቅደላ ምንም አልወሰደም፤ የተወሰደው ሌላ ነው። ከአምባው የተዘረፈው በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ገደማ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ተጫርቷል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ እዚያው ሆኖ ገዝቷል። ብራናዎቹ፣ ታቦታቱ፣ የወርቁ አክሊልና ጽዋ ለንደን ገቡ።

ይህን ስል ራሱ የመጀመሪያው ባሮን የተናገረውን ማስታወስ ይገባል። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በፓርላማ ስለ አክሊሉና ጽዋው ተጠይቀው ነበር። መጀመሪያውኑ ከኢትዮጵያ መምጣታቸው በጣም እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ። የሎርድ ናፒየርንም አሳብ ጠቀሱ። ናፒየር እነዚህ ዕቃዎች ከብሔራዊ ሀብት ጋር መቀላቀል እንደሌለባቸው፣ ወደ አቢሲኒያ መመለስ እስኪቻል ድረስ በአደራ ብቻ መቀመጥ እንዳለባቸው አምኖ ነበር።

አክሊሉና ጽዋው ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። ከናፒየር ሐውልት ተነስተው ኩዊንስ ጌትን ወደ ደቡብ ቢወርዱ፣ ክሮምዌል መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጥፈው ጥቂት ቢራመዱ ይደርሳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ሲያልፉ ይሂዱ።